ኮሯን የምትደግፈዋ ላሜራ ጋር ሁሌ ለምን ያንጠባጥባል? (የጊዛ ፓምፕ ሃውሲንግ፣ ኮምቦልቻ)

ቦርከና ዳር፦

ሰላም ጀመዓ እንዴት ዋላችሁ። ኮምቦልቻ ነን፣ ትንሽ የማቅለጫ ቤት አለችን፣ አሮጌ የሞተር ብሎክና የተሰባበረ ጊዛ (ካስት አይረን) እየገዛን አቅልጠን ፑሌ የወፍጮ እቃ የማንሆል ክዳን ምናምን እንሰራለን፣ እሱ ላይ አልሀምዱሊላህ ችግር የለብንም። አሁን ግን ቦርከናን ተከትለው አትክልት ሚያለሙት የቃሉ ገበሬዎች የመስኖ ፓምፕ ሃውሲንግ (የፓምፑ የውጭ አካል) እየተሰነጠቀባቸው ይመጣሉ፣ አዲሱ ውድ ነው፣ አንዳንዱ ሞዴል ደሞ ጭራሽ ገበያ ላይ የለም፣ እኛው ለምን አንሰራውም ብለን ገባንበት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሃውሲንጉ ውስጡ ባዶ ነው፣ የቀንድ አውጣ ቅርፅ አለው፣ ስለዚ ባዶውን ቦታ ሚይዝ የአሸዋ ኮር ሞልዱ (ጊዛው ሚፈስበት የአሸዋ ቅርፅ) ውስጥ እናስቀምጣለን። ኮሩ ሚያርፈው በመምጠጫው በኩል ባለ ወፈር ያለ ጫፍና በመውጫው በኩል ባለች ትንሽዬ ጫፍ ብቻ ነው፣ ሌላው አካሉ በሙሉ ምንም ሳይነካ ተንጠልጥሎ ነው ያለው። እንዳይወርድ እንዳይነሳ ብለን ከላሜራ ትናንሽ መደገፊያ (ቻፕሌት ሚሉትን) ቆርጠን አጥፈን በኮሩና በሞልዱ መሀል እንሰካለን፣ ጊዛው ሲፈስ ውጦ ይዟቸው ይቀራል ነው ሀሳቡ። ግድግዳው 8 ሚሊ ነው።

ውሃ ሞልተን ስንጫነው ታዲያ ከሌላ ቦታ ጠብ አይልም፣ ልክ ላሜራዋ ያለችበት ዙሪያ ላይ ግን መጀመሪያ ያረጥባል ከዛ ማንጠባጠብ ይጀምራል። አንዳንዷን በመዶሻ ነካ ሲያደርጓት ብድግ ብላ ትወጣለች፣ ጠርዟ እንደተቆረጠ ነው፣ ጊዛው ጭራሽ አልያዛትም። ዙሪያዋም በትናንሽ ቀዳዳ የተበሳሳ ነው። ሌላው ደሞ ስንቆርጠው ከላይ በኩል ያለው ግድግዳ ሳስቶ ከስር ያለው ወፍሮ እናገኘዋለን፣ እኛ እኮ ኮሩ በክብደቱ እንዳይወርድ ብለን ከስር ነው አብዝተን የደገፍነው። ምን አይነት ላሜራ ነው መጠቀም ያለብን፣ ውፍረቱስ፣ ስንት ይበቃል? ሚያውቅ ሰው ካለ በአላህ ይንገረን፣ ገበሬዎቹ ዘር ሊያወጡ ነው እየጠበቁን ነው።

አሮጌው ቀላጭ፦

ልጄ ሌላውን ከመናገሬ በፊት አንድ ነገር ንገረኝ፣ ላሜራዋን ከምንድነው ምትቆርጡት? ስታፈሱስ እሷ ባለችበት በኩል ነጭ ጭስ ይወጣል?

ቦርከና ዳር፦

ጋሼ ከቤት ክዳን ቆርቆሮ ቁራጭ ነው፣ 28 ጌጅ፣ ስለማይዝግ ይሻላል ብለን ነው። አዎ ነጭ ጭስ ይወጣል፣ በአየር ማውጫው በኩል ቡልቅ ይላል። እንደውም አንዱ ልጃችን ያፈሰስን ቀን ማታ ማታ ብርድ ብርድ እያለው ያተኩሰዋል፣ ወባ ነው ብሎ ተመረመረ የለብህም አሉት።

አሮጌው ቀላጭ፦

እንግዲያው ልጄ ያ ቆርቆሮ ዛሬውኑ ከሞልድ ቤት ይውጣ። እኔ አሁን ደሴ ነው ምኖረው ጡረታ ነኝ፣ ድሮ አዲስ አበባ ፋውንደሪ ውስጥ ኮር ክፍል ነበርኩ፣ ላሜራ ድጋፍ ስናስገባ መጀመሪያ ሚያስተምሩን ነገር ይሄ ነበር፣ የቤት ክዳን ቆርቆሮ ላዩ ዚንክ ነው። ዚንክ 420 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል 907 ላይ ደሞ ይፈላል፣ እናንተ ምታፈሱት ጊዛ ከ1300 በላይ ነው። ስለዚ ጊዛው ገና ሲደርስበት ዚንኩ እዛው ተኖ ጋዝ ይሆናል፣ ጋዙ ደሞ መሄጃ ስለሌለው በላሜራዋና በጊዛው መሀል ይቆማል፣ ጊዛው ላሜራዋን ሊነካት ሲል ጋዙ ይገፋዋል ማለት ነው። ያያችሁት የተበሳሳ ነገር እሱ ነው። ላሜራዋ ብድግ ብላ ምትወጣውም ለዚ ነው።

ልጁን ደሞ ስሙኝ። የዚንክ ጭስ የሳበ ሰው ከጥቂት ሰአት በኋላ ያንቀጠቅጠዋል ያተኩሰዋል፣ አፉ የብረት ብረት ይለዋል፣ በአንድ ወይ በሁለት ቀን ይለቀዋል፣ ኮምቦልቻ ደሞ ወባ ስላለ ሰው ሁሉ ወባ ይመስለዋል። በያጆቹ ጋርም ጋልቫናይዝድ ቱቦ ሲበይዱ ሚመጣው ይሄው ነው። ወተት ጠጣበት ይሉታል፣ ወተት ሳንባ ውስጥ የገባን ጭስ አያወጣም ልጄ፣ ጭሱን አለመሳብ ነው መድሃኒቱ። ሀኪም ጋር ሲሄድ ዚንክ ጭስ ስቤያለሁ ብሎ ይናገር፣ ትንፋሽ ካጠረው ደሞ ሌሊትም ቢሆን ሳያድር ይሂድ።

የኮሩን መነሳት ደሞ ማታ እመለስበታለሁ፣ እጄ ስልክ ላይ ቶሎ አይሄድልኝም።

ሜካኒካል ኮምቦልቻ፦

ሰላም፣ እኔ ዩኒቨርሲቲ ማኑፋክቸሪንግ ነው ማስተምረው። ጋሼ እስኪመለሱ የኮሩን ነገር በቁጥር ላሳይህ ምክንያቱም አብዛኛው ሰው ሚሳሳተው እዚ ጋር ነው።

ኮሩ ሞልዱ ባዶ እያለ ወደ ታች ነው ሚከብደው፣ ልክ ነህ። ጊዛው ሲገባ ግን ነገሩ ይገለበጣል። አሸዋ ኮር በሊትር 1.6 ኪሎ አካባቢ ነው፣ የቀለጠ ጊዛ ደሞ በሊትር 7 ኪሎ ገደማ። የናንተ ኮር 3 ሊትር ነው እንበል፣ ክብደቱ 4.8 ኪሎ ነው፣ ሙሉ በሙሉ ጊዛ ውስጥ ሲሰምጥ ግን የ3 ሊትር ጊዛ ቦታ ስለያዘ በ21 ኪሎ ወደ ላይ ይገፋል፣ 21 ሲቀነስ 4.8፣ ከ16 ኪሎ በላይ ወደ ላይ ሚገፋ ጉልበት ቀረ። ከራሱ ክብደት ከ3 እጥፍ በላይ ማለት ነው። የስሩ ድጋፍ እንግዲ ስራው ጊዛው እስኪገባ 4.8 ኪሎ መሸከም ብቻ ነው፣ ዋናውን ፍልሚያ ሚፋለመው የላዩ ነው። እናንተ ከስር አብዝታችሁ ከላይ ስላሳነሳችሁ ኮሩ ተነስቶ የላዩን ግድግዳ አሳሳው፣ የስሩን አወፈረው። ያገኛችሁት ውጤት ስሌቱ ሚለውን ነው።

በአልሙኒየም ስትሰሩ ይሄን ያህል አይታይም፣ የቀለጠ አልሙኒየም በሊትር 2.4 ኪሎ ገደማ ስለሆነ ያው ኮር ሚነሳው በ2.4 ኪሎ ብቻ ነው። ብዙ ሰው አልሙኒየም ላይ የለመደውን ይዞ ጊዛ ላይ ሲመጣ ሚቸገረው ለዚ ነው። አልሙኒየም ላይ ደሞ ድጋፉ ራሱ ከአልሙኒየም ቢሆን ነው ሚሻለው።

አንድ ሌላ ነገር፣ የጊዛው ሙቀት። ምድጃችሁ በምንድነው ሚነፋው? ኮምቦልቻ ከባህር ጠለል በላይ ወደ 1,850 ሜትር ነው፣ አየሩ ከባህር ዳርቻ ሲነፃፀር በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል፣ ደሴ ደሞ 2,500 ስለሆነ የባሰ ነው። የውጭ ፕላን አይታችሁ የገዛችሁት ብሎወር እዚ ሀገር ሲነፋ በዛው ልክ ያነሰ ኦክስጅን ነው ሚያስገባው፣ እሳቱ ይደክማል ጊዛው ሳይግል ይፈሳል። ጊዛው ካልጋለ የፈለገ ጥሩ ላሜራ ብታደርጉ አይውጣትም፣ ቀዝቃዛ ብረት ሲነካው ላዩ ላይ ቆዳ ሰርቶ ያልፋታል።

ቦርከና ዳር፦

አረ ይሄ የኮር ነገር አስደንግጦኛል ወንድሜ፣ በተቃራኒው ነበር ስናስብ የነበረው። ምድጃችን በተቃጠለ ዘይት ነው፣ ብሎወሯ ትንሽ ናት፣ ልክ ነህ ሁለተኛውን ስንቀዳ ጊዛው ይወፍርብናል። ሙቀት መለኪያ የለንም በአይን ነው ምናየው።

ጦሳ ስር፦

እኔም ስለዚ ጉዳይ መስማት እፈልጋለሁ፣ እኛ ጋር የብሬክ ከበሮ ነው ሚሰራው ኮር ብዙም አያስቸግርም ግን ልጆቹ ፓምፕ መሞከር ፈልገዋል።

ቶርኖ ቤት ቧንቧ ውሃ፦

እኔ ከሌላ ጫፍ ልናገር፣ ቶርኖ ላይ ነኝ ደሴ ቧንቧ ውሃ አካባቢ። እናንተ አፍሳችሁ ምትልኩትን ነገር እኛ ነን ምንልገው። የጊዛ እቃ ላይ እያላጥኩ ሄጄ ሄጄ ድንገት ጫፉ ጩህ ይልና ይሸረፋል፣ ሲታይ እዛ ጋር አንዲት ነጭ የምታበራ ነጥብ ትኖራለች፣ ላሜራ ወይ ሚስማር ድጋፍ የነበረበት ቦታ ነው። ጊዛው ቀዝቃዛውን ብረት ሲነካ እዛው ቶሎ ስለሚጠነክር ነጭ ጊዛ ይሆናል፣ ነጭ ጊዛን ደሞ በተራ ቱል አትቀምሰውም። ስለዚ ወንድሞቼ በአላህ ድጋፉን ሚታረስ ፊት ላይ አታድርጉት፣ ፍላንጁ ፊት ላይ፣ የውሃ ማሸጊያው (ሲል) ሚገባበት ቀዳዳ ላይ፣ ብሎን ሚበሳበት ላይ አይሁን። ሳይላጥ ሚቀረው ሆዱ ላይ አድርጉት፣ ሪብ (ማጠናከሪያ ጉብታ) ካለው ወይ ወፈር ያለ ቦታ ካለ እሱ ጋር ይሻላል።

ትራፓኖም እንደዛው ነው፣ ጫፏ እዛ ነጥብ ላይ ከደረሰች ሸርተት ብላ ከመስመር ትወጣለች።

ፓተርን ሰሪዋ፦

እኔ እንጨት ቤት ነኝ ፓተርን (ሞልዱ ሚቀረፅበትን የእንጨት አምሳያ) እሰራለሁ፣ ደሴ። ሁላችሁም ላሜራዋን እንዴት እናስተካክል እያላችሁ ነው፣ እኔ ደሞ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ላሜራዋ ለምን አስፈለገች ነው ባይ ነኝ። ውሃ ሚይዝ እቃ ላይ እያንዳንዷ ድጋፍ አንድ ሊያፈስ ሚችል ቦታ ናት፣ ባነሰች ቁጥር ይሻላል። የኮሩ ጫፎች ናቸው ኮሩን መሸከም ያለባቸው። ወንድም ቦርከና የመውጫዋ ጫፍ ትንሽዬ ናት ብለሃል፣ እሷን ረዘም ወፈር አድርጎ ማሰራት ይቻላል እኮ፣ ከሃውሲንጉ ውጪ ስለሆነች አሸዋ ላይ ብቻ ነው ምታርፈው፣ ጊዛ አትጨምርም። ሁለተኛ ኮሩ ውስጥ አጥንት ይግባበት፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሚሄድ ሽቦ ወይ ቀጭን ፌሮ፣ ያለሱ ኮሩ መሀሉ ላይ ይጎብጣል ወይ ይሰበራል።

ሌላ ምሳሌ ደሞ እጃችሁ ላይ ነው ያለው። ምታቀልጡትን የሞተር ብሎክ ጎኑን እዩት፣ ክብ ክብ ላሜራ ታፖ (መድፈኛ) የተመታባቸው ቀዳዳዎች አሉ። ሰው ውሃ በረዶ ሲሆን እንዲወጡ ነው የተሰሩት ይላል፣ መነሻቸው ግን እሱ አይደለም፣ የብሎኩ የውሃ መንገድ ኮር ሞልዱ ላይ ያረፈበት ጫፍና አሸዋው በኋላ የወጣበት በር ናቸው። ከዛ በታፖ ይዘጋሉ። እናንተም ሆዱ ላይ አንድ ወፈር ያለ ቀዳዳ ትታችሁ ኮሩን በሱ ብትይዙት፣ በኋላ ጥርስ አውጥታችሁ በብሎን ታፖ ብትዘጉት ከማያስተማምን ላሜራ ይሻላል። አሸዋውም በቀላሉ ይወጣል፣ የኮሩ ጋዝም መውጫ ያገኛል።

አሮጌው ቀላጭ፦

ተመለስኩ። ልጄ ፓተርን ሰሪዋ ያልሽው ትክክል ነው፣ እኔም የማስቀድመው ጫፉን ማሳደግ ነው፣ አጥንቱም የግድ ነው። ግን ሙሉ በሙሉ ላሜራ ይቅር በሚለው አልስማማም። የቀንድ አውጣው ሆድ ዙሪያውን ሲሄድ ከጫፎቹ ርቆ ሚሄድ ክፍል አለው፣ እሱ ጋር ታፖ ብታደርጊ ውስጡ ላይ ውሃው ሚሽከረከርበት ለስላሳ መንገድ ይበላሻል፣ ታፖው ወደ ውስጥ ከገባ ወይ ጎድጎድ ካለ ውሃውን ያውከዋል። በደንብ የተያዘች ቀጭን ላሜራ ግን ከግድግዳው ጋር አንድ ሆና ትቀራለች፣ ለይተሽ አታገኛትም። ትልልቆቹ ፋውንደሪዎችም እስከዛሬ ይጠቀሙበታል፣ የራዲያተር የሞተር የፓምፕ እቃ ላይ። የላሜራ ድጋፍ ጥሩ ያልሆነው በመጥፎ ሲሰራ ነው።

አሁን ወደ አሰራሩ ልግባ። ለጊዛ ሚሆነው ላሜራ ለስላሳ ብረት ሆኖ ላዩ ዚንክ ሳይሆን ስታኞ (ቲን) የተነከረ ነው፣ ንፁህ ስታኞ ማለቴ ነው፣ ለብየዳ ሚሸጠው ውስጡ እርሳስ አለው እሱ አይሆንም፣ እርሳስ ከብረት ጋር አይዋሃድም፣ ደሞ የውሃ እቃ ነው። ስታኞ 232 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል ግን እንደ ዚንክ ቶሎ አይተንም፣ ላሜራዋን ከዝገት ይጠብቃታል፣ ጊዛውም ላይዋን በደንብ ያረጥባታል። በመዳብ የተለበጠም ይሆናል።

ከየት እናምጣ ካልክ ልጄ ሩቅ አትሂድ፣ የታሸገ ምግብ ጣሳ ነው። ሳልሳ፣ አናናስ፣ ኮክ ሚመጣበት ትልልቁ። ወረቀት የተለጠፈበትን ምረጥ ቀለም የተቀባውን ተው። ከፍተህ ውስጡን እይ፣ ውስጡ ወርቃማ ሆኖ ሚያበራ ከሆነ ቫርኒሽ ነው፣ እሱ ሲቃጠል ጋዝ ይሆንብሃል፣ ተወው። ውስጡ ግራጫ ብር መስሎ በረዶ መሳይ ዝንጉርጉር ካለው ግን እሱ ባዶ ስታኞ ነው፣ እሱን ነው ምትፈልገው። ቀለሙን በእሳት አቃጥዬ ላጥፋው እንዳትል፣ ስታኞው አብሮ ይሄድና ነገ ይዝጋል። ማግኔት ያዝበት፣ ካልሳበው አልሙኒየም ነው ማለት ነው፣ ይቅር።

የጣሳ ላሜራ ሩብ ሚሊ ገደማ ነው፣ ለ8 ሚሊ ግድግዳ ይበቃል። ሀሳቡ ምን መሰለህ፣ ላሜራዋ ጊዛው ላዩ ላይ ቆዳ ሰርቶ ኮሩን ራሱ እስኪይዘው ድረስ ብቻ ነው መቆም ያለባት፣ ከዛ በፊት ከቀለጠች ኮሩ ይነሳል፣ ጨርሳ ካልጋለች ደሞ ጊዛው አይውጣትም። ወፍራም ግድግዳ ላይ ብዙ ሙቀት ስላለ ወፈር ያለች ትፈልጋለህ፣ ቀጭን ግድግዳ ላይ ቀጭን። ጊዛው ሚገባበት ጌት አፍ ላይ ደሞ አታስቀምጣት፣ ሙሉው ጊዛ በሷ ላይ ስለሚያልፍ አጥቦ ይወስዳታል። በጣም ሩቅ ጥግ ላይም አይሁን፣ እዛ ጊዛው ቀዝቅዞ ነው ሚደርሰው።

ቅርፁን እንዲህ አድርገው። ጣት የሚያህል ስፋት ያለው ቅዳጅ ቁረጥ፣ እንጨት ላይ አድርገህ በሚስማር ወይ በፓንች ብዙ ቀዳዳ ብሳው፣ ቀዳዳው ዋናው ነገር ነው፣ ጊዛው በሱ ውስጥ አልፎ ከዚ ወዲያ ይያያዛል፣ አየርም ላሜራዋ ስር ተይዞ አይቀርም። ከዛ ከላይና ከስር እግር እንዲኖራት አድርገህ እጠፈው፣ ጎኗ ክፍት የሆነ ሳጥን ማለት ነው። አንዱ እግር ኮሩ ላይ አንዱ ሞልዱ ላይ ያርፋል፣ ቁመቷ ልክ 8 ሚሊ። ላሜራን በላሜራ ላይ ደርበህ አትጠፍ፣ መሀሉ አየርና ውሃ ይይዛል። ኮሩ ጎባጣ ከሆነ እግሯም በዛው ልክ ትጉበጥ፣ በጠርዟ ከቆመች ኮሩን ትወጋዋለች፣ ሰጥማ ትገባና ደግፋለች ስትል ምንም አልደገፈችም። ስንት ይሁን ላልከው ሜካኒካሉ በነገረህ ቁጥር ተነስ፣ 16 ኪሎ ነው ላዩ ሚሸከመው፣ ከሱ ጫፎቹ ሚይዙትን ቀንስ፣ የቀረውን ለላዮቹ አካፍል፣ አንዷን ጠረጴዛ ላይ አቁመህ ከድርሻዋ እጥፍ ክብደት ጫንባት፣ በብርዱ ከተጎበጠች በእሳቱ አትቆምም።

ቦርከና ዳር፦

ጋሼ አላህ እድሜ ይስጥልን። ስታኞ ካለው ዝገትን መፍራት የለብንም ማለት ነው? አዘጋጅተን ብናስቀምጣቸውስ?

አሮጌው ቀላጭ፦

የቆረጥከው ጠርዝና የበሳኸው ቀዳዳ ዙሪያ ስታኞ የለውም እኮ፣ ባዶ ብረት ነው። ደሴ ክረምት ጉሙ ቤት ውስጥ ይገባል፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ማታ የቆረጥከውን ጠዋት ስታየው ጠርዙ ቀልቷል። የዛገችውን ስታኞ ቢኖራትም አታስገባት። በዘይት ልቀባት እንዳትል ደሞ፣ ዘይትም ጋዝ ነው።

ሜካኒካል ኮምቦልቻ፦

ዝገት ለምን እንደሚጎዳ ልጨምር። ዝገት ማለት ኦክስጅን ያለበት ብረት ነው፣ ጊዛ ውስጥ ደሞ ከ3 በመቶ በላይ ካርቦን አለ፣ ካርቦኑ ኦክስጅኑን ከዝገቱ ነጥቆ ካርቦን ሞኖክሳይድ ጋዝ ይሆናል፣ እዛው ላሜራዋ ጥግ ላይ። እርጥበትም ካለ ውሃው ተኖ እንፋሎት ይሆናል። ስለዚ ዚንክም ዝገትም ዘይትም እርጥበትም መጨረሻቸው አንድ ነው፣ ላሜራዋና ጊዛው መሀል የጋዝ ቀዳዳ።

አሮጌው ቀላጭ፦

በል እሱ ነው። ስለዚ ልጄ በምታፈስበት ቀን ቁረጥ፣ ክዳኑ በሚገጥም ጣሳ ውስጥ ምድጃው አጠገብ አስቀምጥ። ሞልዱ ውስጥ ስታስገባት እጅህን ሚሞቅህ ያህል ሞቃ ትሁን፣ እርጥብ አሸዋ ውስጥ ቀዝቃዛ ብረት ካስቀመጥክ የአሸዋው ውሃ ሄዶ ላይዋ ላይ ይቀመጣል። ከዛ ዝጋና አፍስ፣ ጠዋት ዘግታችሁ ከሰአት አታፍሱ፣ ምሳም ካለ ምሳው ይቆይ።

ቁመቷ ልክ መሆኑን ደሞ ሳታይ አትመን። ለስላሳ ጭቃ አድቦልቡለህ ኮሩ ላይ ላሜራዎቹ አጠገብ አስቀምጥ፣ የላይኛውን ሞልድ ቀስ ብለህ ዝጋው፣ መልሰህ ክፈተው። ጭቃው የተጨፈለቀበትን ውፍረት በካሊፐር ለካ፣ 8 ካልሆነ ላሜራዋን አስተካክል። አጥራ ከሆነ ኮሩ እላይዋ እስኪደርስ ይነሳል፣ ረዝማ ከሆነ ሞልዱን ትሰብረዋለች፣ የተሰበረው አሸዋ ጊዛው ውስጥ ይገኛል። ጭቃውን አንስተህ ጠራርገህ ነው ታዲያ ምትዘጋው። ከላይ ደሞ በቂ ክብደት ጫን ወይ ፍሬሙን (የሞልዱን አሸዋ ሚይዘውን ሳጥን) በብሎን እሰር፣ ኮሩ ላሜራዎቹን ሲገፋ እነሱ የላይኛውን ሞልድ ነው ሚገፉት፣ ሞልዱ ራሱ ከተነሳ ሁሉም ነገር ከንቱ ነው።

ቶርኖ ቤት ቧንቧ ውሃ፦

ጋሼ ይሄን ስንቱ ቢያውቀው ኖሮ ስንት ቱል ይተርፈኝ ነበር። እድሜና ጤና።

ቦርከና ዳር፦

ሁላችሁንም ከልብ ነው ማመሰግነው። አንድ ጥያቄ ቀረችኝ፣ ያፈሰስናቸው አሉ፣ እነሱን መጣል ነው ያለብን ወይስ ሚድኑ አሉ? ያወጣንበት ነዳጅ ራሱ ብዙ ነው።

ሜካኒካል ኮምቦልቻ፦

ለያቸው። ላሜራዋ ጥብቅ ብላ ይዛ ዙሪያዋ ብቻ ሚያረጥበው ይድናል፣ ሶዲየም ሲሊኬት (ሳሙና ሰሪዎች ጋር አለ) በውሃ አቅጥናችሁ ሃውሲንጉን ሞቅ አድርጋችሁ ትሞሉታላችሁ፣ በፓምፕ ትጫኑታላችሁ፣ ፈሳሹ ቀጫጭኑ ቀዳዳ ውስጥ ይገባል፣ ከዛ አፍስሳችሁ ቀስ ብሎ ሲደርቅ እዛው ይጠነክራል። ማረጠብን ነው ሚያቆመው፣ ጠብ ጠብ ሚለውን አያቆምም።

ላሜራዋ ምትነቃነቀው ላይ ግን ሲሊኬት አትሞክሩ። እሷን በትራፓኖ ሙሉ በሙሉ አውጥታችሁ ቀዳዳውን ጥርስ አውጥታችሁ በብሎን ታፖ ዝጉት፣ ግድግዳው 8 ሚሊ ስለሆነ ጥቂት ጥርስ ይይዛል፣ ማሸጊያ አድርጉበት፣ ከውስጥ በኩል የተረፈውን በሞረድ አስተካክሉ። ብየዳ ከሆነ ጊዛን ዝም ብሎ መበየድ ያሰነጥቀዋል፣ በኒኬል ኤሌክትሮድ ነው፣ ቀስ ብሎ ቀስ ብሎ። የላዩ ግድግዳ የሳሳውን ግን አትሽጡት፣ ውፍረቱ ከሌለ ምንም ማሸጊያ አያድነውም፣ መልሳችሁ አቅልጡት፣ ጊዛው አይጠፋባችሁም። ዚንክ ያለባትን ላሜራ ግን ከማቅለጣችሁ በፊት ምትነቃነቀዋን አውጧት።

ስትፈትሹ ፓምፑ ከሚሰራበት ግፊት 1.5 እጥፍ አድርጋችሁ ነው፣ 20 ሜትር ሚያወጣ ከሆነ 2 ባር ነው፣ በ3 ባር ፈትሹ፣ መውጫው ተዘግቶ ሲሰራ ግፊቱ ከዛ በላይ ስለሚሆን እሱንም አስቡት። በውሃ ብቻ ነው ታዲያ፣ በኮምፕሬሰር አየር ሞልታችሁ እንዳትሞክሩ፣ ጊዛ በአየር ግፊት ከተሰነጠቀ ቁራጩ ይወረወራል ሰው ይገድላል። ውሃ ሲሆን ግን ስንጥቅ ብሎ ግፊቱ ወዲያው ይወርዳል።

ፓተርን ሰሪዋ፦

ወንድም ቦርከና የኮሩን ጫፍ ላሰፋላችሁ ካላችሁ ፓተርኑን ኮሩ ከሚቀረፅበት ሳጥን ጋር ይዛችሁ ኑ፣ ከሐረጎ ዳገት በላይ ነኝ ሩቅ አይደለም። የመምጠጫውን ዲያሜትር፣ የመውጫውን ዲያሜትርና ፍሬማችሁ ውስጥ ከመውጫው ጫፍ እስከ ፍሬሙ ግድግዳ ያለውን ርቀት ለክታችሁ አምጡ፣ ጫፉን ምን ያህል ማርዘም እንደምችል ሚወስነው እሱ ነው። ፍሬሙ ከጠበበ ፍሬሙንም መቀየር ይኖርብናል።

ቦርከና ዳር፦

እሺ እህቴ፣ ከመውጫው እስከ ፍሬሙ 4 ሳንቲም ብቻ ነው ያለው አሁን ለካሁት። ሰኞ ለገበያ ስንወጣ ፓተርኑንም ፍሬሙንም ይዘን እንመጣለን ኢንሻአላህ።

ፓተርን ሰሪዋ፦

4 ትንሽ ናት፣ ፍሬሙን አምጡት እንቀጥልበታለን። የኮር አጥንቱን ሽቦም አምጡ፣ ስትቀቡት ምትጠቀሙበትን ጭቃም ትንሽ በላስቲክ።